የሚታየው ብርሃንና የሚበላው ብርሃን

የሥነ ፍጥረት መምህራን የስድስቱን ዕለታት ግብር በየተራው ሲያስተምሩ፣ ብርሃን በዕለተ እሑድ፣ አትክልት፣ አዝርዕትና ዕፅዋት በዕለተ ሠሉስ፣ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት ግን በዕለተ ረቡዕ እንደ ተፈጠሩ ይናገራሉ፤ እንግዲህ ቅጠል ከፀሐይ በፊት ለምልሟል ማለት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ለዚህ ቅደም ተከተል ምክንያት ሲሰጥ፣ ሰዎች ፀሐይን የሕይወት ምንጭ ናት ብለው እንዳያመልኳት ሣሩና ዛፉ ቀድመዋት እንዲበቅሉ መደረጉን ያስረዳል። ለረጅም ዘመን በጉባኤ ቤት ሲነገር የኖረው ይህ ምሥጢር በእኛ ዘመን በግብር የሚታይ ነገር ሆኖ ቀርቧል፤ መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ፣ ከመደርደሪያ በላይ በተንጠለጠለ መብራት ሥር፣ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይን ያላየ ጎመን ቅጠሉን ዘርግቶ ይገኛልና።

ይህን መብራት የገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ከዚህ በታች ስንት ችግኝ ላኖር እችላለሁ ብሎ ነው። ሻጩም አንድ ቁጥር ይነግረዋል፣ ገዢውም ቁጥሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ በሻጭና በገዢ መካከል የሚያልቅ ነው ብዬ አላምንም። ፀሐይ ለሁሉ ስትወጣ፣ ከዛፍ ሥር የበቀለው ቡቃያ በጥላው ምክንያት ቢሞት፣ ማንም ሰው በደሉን በራሱ ላይ አይቆጥረውም፤ የብርሃኑ ሰጪ ሌላ፣ የዘሩም በታኝ ነፋስ ወይም ወፍ ነውና። ብርሃኑን ራሱ አብርቶ፣ ዘሩንም ራሱ ቆጥሮ የዘራ ሰው ግን በዚያች በትንሿ መደርደሪያ ላይ መግቦት የሚባለውን ከባድ ሥልጣን በእጁ ይዟል፤ ስንት ይኑሩ የሚለውን መወሰንም የእርሱ ዕዳ ነው።

ሰዎች ወደዚህ ሥራ የገቡት ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን የቀኑን ርዝመት እናስተውል። የአዲስ አበባ አጭሩ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም፣ ረጅሙም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ግን በበረዶው ወራት አጭሩ ቀን 9 ሰዓት አይሞላም፤ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ያቺ የምትወጣው ፀሐይም ከአድማሱ ብዙ ሳትርቅ ትመለሳለች። በእነዚህ አገሮች የሚኖረው ወገናችን ለቡናው የሚሆን ጤና አዳም፣ ለበርበሬውና ለሽሮው የሚሆን በሶቢላ በቤቱ ለማብቀል ሲሻ፣ መብራቱን የሚሰቅለው ከዕለት ብርሃን ስለ ተለየ ነው። የሚሰቅለውም መብራት የብዙ ሊቃውንት ድካም ፍሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ኒክ ሆሎንያክ ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለውን መብራት በቀይ ቀለሙ ካሳየ በኋላ፣ ሰማያዊውን አሟልተው ለማብራት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ብዙ ደክመዋል፤ ስለ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቅጠል ከብርሃን ሁሉ አብልጦ የሚወስደው ቀዩንና ሰማያዊውን ስለ ሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ በቤት ውስጥ የሚበላ ብርሃን ተገኘ።

የሚበላ ያልሁት በምሳሌ አይደለም። በትንሣኤ ሌሊት ከአንድ ጧፍ መቶ ጧፍ ቢለኮስ የፊተኛው ነበልባል እንደማይጎድል ሁላችንም አይተናል፤ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕትም የወልድን ከአብ መወለድ ሳይከፈልና ሳይጎድል እንደ ሆነ ሲገልጹ ወደ ብርሃን ምሳሌ መሄዳቸው ስለዚህ ነው። በመቅረዝ ላይ የተቀመጠ መብራትም በቤት ላሉት ሁሉ ያበራል፤ አንዱ መጽሐፍ ስላነበበበት ሌላው አይጨልምበትም። ከዚህ የተነሣ በልባችን ውስጥ፣ ብርሃን ቢካፈሉት የማያልቅ ነገር ነው የሚል ጽኑ እምነት አለ፤ መብራት ሰቅሎ ከሥሩ ዕቃ በዕቃ ላይ፣ ችግኝ በችግኝ ላይ የሚደረድረው ሰውም የሚሳሳተው ከዚህ ከመልካሙ እምነት ተነሥቶ ነው። ለዓይን እውነት የሆነው ግን ለቅጠል እውነት አይደለም። ያን ኢንገንሃውዝ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1779 ባሳተመው ጥናት ቅጠል አየርን የሚያጠራው በብርሃን ውስጥ ሳለ ብቻ መሆኑን ካስረዳ ወዲህ፣ ተከታዮቹ ነገሩን እያጠሩ ሲመጡ፣ ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች እንደሚወርድና አንዱ ቅጠል የዋጠው ቅንጣት ለሌላው ቅጠል ከቶ እንደማይደርስ ታወቀ። ዓይን ብርሃንን ይመሰክራል፤ ቅጠል ግን ይበላዋል፣ የተበላም ነገር ሁሉ ልክ አለው።

ልኩን መናገር ይቻላል። ደኅና የሆነ ኤል.ኢ.ዲ. ለእያንዳንዱ ዋት በየሰኮንዱ 2.5 ማይክሮሞል ያህል ፎቶን ያወጣል (ማይክሮሞል የፎቶን ቁጥር መለኪያ ነው፣ አንድ ሚሊዮኑም አንድ ሞል ይባላል)፤ ባለ 100 ዋቱ እንግዲህ 250 ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሳይባክን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቢወርድና በቀን ለ16 ሰዓት ቢበራ፣ የቀኑ ድምር 14.4 ሞል ይሆናል። ሰላጣ በቀን ከ12 እስከ 17 ሞል ካገኘ ደስ ብሎት ያድጋልና በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቢተከል በዚያው ካሬ ሜትር ላይ 16 ራስ ሰላጣ ይኖራል። ቲማቲም ግን አብቦ እንዲያፈራ ከ20 እስከ 30 ሞል ይሻል፤ ያው መብራት ዝቅ ብሎ ብርሃኑ በግማሽ ካሬ ሜትር ላይ ካልተሰበሰበ በቀር አይበቃውም፣ በዚያም ላይ ሁለት ወይም ሦስት ተክል ብቻ ይቆማል። መብራቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ብዙ ዕቃ ከሥሩ የሚያስገባ ሰው ብርሃን የጨመረ ይመስለዋል፤ የጨመረው ግን ስፋቱን ብቻ ነው፣ ያው 250 ስለ ተበተነ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የሚያርፈው ሳስቷል። ደግሞም የቀትር ፀሐይ በጠራ ሰማይ በካሬ ሜትር በየሰኮንዱ 2,000 ማይክሮሞል ያህል እንደምታወርድ ያሰበ ሰው፣ እኛ በእጃችን የያዝነው ሥልጣን ከፀሐይ ሥልጣን ስምንተኛ እጅ እንኳ ለመሆን የሚታገል እንደ ሆነ ይረዳል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከርኅራኄ የሚመነጭ ስለ ሆነ በአክብሮት ሊሰማ ይገባዋል። ጥቂቶቹ ሞልቶላቸው ከሚኖሩ፣ ሁሉም ጎድሎባቸው አብረው ቢኖሩ አይሻልምን? ሠላሳ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ግማሽ ቢያገኙ፣ አሥራ ስድስቱ ሙሉ ከሚያገኙ ይልቅ ፍትሕ አይሆንምን? ሕይወትን የመሰለ ጸጋ ለብዙ መስጠት ለጥቂት ከመስጠት እንደሚበልጥ የማይቀበል ማን ነው? ነገር ግን ይህ ክርክር በዝምታ የሚያስበው አንድ ነገር አለ፤ ብርሃኑ በግማሽ ሲከፈል ሕይወቱም በግማሽ ይከፈላል ብሎ ያስባል፤ እንዲህ ግን አይደለም። ቅጠል ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ያከማቸውን ስኳር ያቃጥላል። የሚደርሰው ብርሃን እየቀነሰ፣ በብርሃኑ የሚሠራው ስኳር ከሚያቃጥለው ስኳር ጋር እኩል እስኪሆን ቢደርስ፣ ቅጠሉ አለ ይባላል እንጂ አያድግም፤ ከዚያ በታች ቢወርድ ከራሱ አካል እየበላ ይመነምናል። ስለዚህ ከአንድ ድንበር በኋላ ማካፈል የምንለው ነገር ማካፈል መሆኑ ይቀርና ለሁሉም ሞትን በእኩልነት ማደል ይሆናል። ድንበሩ የት እንደ ሆነ ሳያውቅ ብዙ የዘራ ሰው፣ ቸርነቱ እውነተኛ ቢሆንም፣ ያሰበውን አላደረገም።

ፍጥረት ራሱ ይህን ድንበር ያውቀዋል። ኪዮጂ ዮዳና ባልንጀሮቹ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ጥናት፣ ተጨናንቀው የበቀሉ ተክሎች እያደጉ ሲሄዱ ቁጥራቸው በራሱ እንደሚቀንስ፣ ቅነሳውም ሥርዓት እንዳለው አሳይተዋል፤ የእያንዳንዱ ክብደት ስምንት እጥፍ ይሆን ዘንድ ቁጥሩ ወደ ሩብ መውረድ አለበት። በጫካና በሜዳ ይህ የሚፈጸመው ያለ ዳኛ ነው። ደግሞም ተክሎቹ የጎረቤታቸውን መቅረብ ሳይጨልምባቸው አስቀድመው ያውቃሉ፤ ቅጠል ቀዩን ብርሃን እየዋጠ፣ ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ ለዓይናችን የሚደበዝዘውን ሩቅ ቀይ ብርሃን ወደ ጎን ስለሚመልሰው፣ በአጠገቡ ያለው ቡቃያ የሁለቱን ምጣኔ መዝኖ ግንዱን ወደ ላይ ማርዘም ይጀምራል። የዚህ ዕውቀት በር የተከፈተው ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ፣ በቤልትስቪል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበር፤ በዚያ የነበሩት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1952 ቀይ ብርሃን የሰላጣን ዘር እንደሚያበቅል፣ ሩቅ ቀይ ሲከተለው ግን ዘሩ መልሶ እንደሚተኛ አሳዩ። እጅግ ያስደነቀኝ ነገር ግን በእኛ መብራት ሥር የሚሆነው ነው። በብዙዎቹ የቤት መብራቶች ውስጥ ሩቅ ቀይ ብርሃን በጣም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት ቀረበ፣ ተነሥ የሚለው ማስጠንቀቂያ ለቡቃያው ደክሞ ይደርሰዋል። ፍጥረት ለችግኙ የሰጠውን ዘበኛ እኛ ሳናስበው አንስተንበታል፤ ጭንቀቱን የምናየው የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ነው። የነሣነውን ዘበኝነት በራሳችን ልቡና ልንተካው ይገባናል ብል ከዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይገኛል? ከመብራቱ ኃይል ብቻ አይገኝም። አርስጣጣሊስ እንዳስተማረው እያንዳንዱ ፍጥረት የሚገሰግስበት ፍጻሜ አለው፤ በአንድ መብራት ሥር ስንት ይኑሩ የሚለው ጥያቄም ለምን ፍጻሜ የሚለው ሳይመለስ መልስ የለውም። ያው ባለ 100 ዋት መብራት፣ ዘሩን ጥቅጥቅ አድርጎ ዘርቶ ገና ሁለት ቅጠል ሳለ አጭዶ ለሚበላው ሰው በመቶ የሚቆጠር ቡቃያ ይመግባል፤ እነዚያም ቡቃያዎች ወደ ታሰበላቸው ደርሰዋልና አልተበደሉም። በሶቢላው አብቦ ዘር እንዲይዝ ለሚሻ ሰው ግን ያ ቁጥር ግፍ ነው። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ፣ ቬጂ የተባለው የአትክልት ሣጥን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲገባ፣ ከመብራቱ በታች የተዘጋጀው ቦታ ስድስት ተክል የሚያቆም ነበር፤ ያን ያህል ወጪና ዕውቀት በእጃቸው ሳለ ሰዎቹ የመረጡት ስድስትን ነው፤ በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ቀዩ ሰላጣ ሲደርስም ጠፈርተኞቹ ግማሹን በሉ፣ ግማሹንም ለምርመራ ወደ ምድር ይላክ ዘንድ አቀዘቀዙት። የሚበላውና የሚመረመረው ምን ያህል እንደ ሆነ ከመዝራት በፊት የታሰበበት ሥራ ነበር።

ሰው ግን ሳያስብ ዘርቶ ቡቃያው ከተጨናነቀ በኋላ ምን ያድርግ? በወንጌል ሁለት ምሳሌዎች ወደ ልቤ ይመጣሉ፤ ሁለቱም እጅን የሚይዙ ናቸው። የስንዴው ባለቤት እንክርዳዱን እንንቀል ያሉትን አገልጋዮች፣ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ፈርቶ እስከ መከር ተዉት አላቸው። ፍሬ ያጣችውን በለስ ቁረጣት የተባለው አትክልተኛም አንድ ዓመት ጨምርላት ብሎ ለመነ፣ ዙሪያዋን እኮተኩታለሁ፣ ፍግም አኖራለሁ አለ። እነዚህን ምሳሌዎች የሚወድ ሰው ችግኝ ለማሳሳት እጁ ቢንቀጠቀጥ አልነቅፈውም። ነገር ግን በመጀመሪያው ምሳሌ የተከለከለው መንቀል የሥሩን መተሳሰር አይቶ ነው፤ ስለዚህም አትክልት ጠባቂዎች የሚያሳሱትን ችግኝ አይነቅሉም፣ ከአፈሩ ጠርዝ ላይ በመቀስ ይቆርጡታል እንጂ፤ የቀረው ጎረቤቱ ሥር አይናወጥም። የበለሷም አትክልተኛ የለመነው ለአንዲት ዛፍ ነው፤ ለእርስዋ የሚሆን ቦታና ፍግ ነበረው። የአገራችን ገበሬ ደግሞ ይህን ነገር ያለ መጽሐፍ ፈጽሞታል። ማሽላውና በቆሎው ከፍ ሲል በበሬ ገብቶ ሽልሻሎ ሲያደርግ፣ አረሙን ይገለብጣል፣ የደረቀውን የአፈር ቅርፊት ይሰብራል፣ የበዛውንም አገዳ ያሳሳል፤ በሐረርጌ ገበሬው ማሽላውን ሆን ብሎ አብዝቶ ይዘራና እያሳሳ ለከብቱ ያበላዋል። የሚወገደው ተክል የማን ሲሳይ እንደሚሆን ከመዝራቱ በፊት የታወቀ ስለ ሆነ፣ በዚያ ማሳ ላይ በከንቱ የሞተ ነገር የለም። በጓዳው መብራት ሥር ያለውም ሰው የሚያሳሳውን የሰላጣና የጎመን ቡቃያ ወደ ገበታው ቢያወርደው ለዚህ ጥበብ ታማኝ ይሆናል።

አሁን ከዚህ ሐሳብ ተነሥተው ወደ ሰው ልጅ ለመሻገር የሚቸኩሉ ሰዎች ስላሉ፣ በመንገዳቸው ላይ ልቆምባቸው እወዳለሁ። ቶማስ ማልቱስ እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው ድርሰት የሰው ቁጥር ከምግቡ ፈጥኖ እንደሚበዛ ከተናገረ ወዲህ፣ ድኾችን በመደርደሪያ ላይ እንደ በዙ ችግኞች አድርጎ የሚያይ ዓይን ከዓለም አልጠፋም። ይህ ዓይን ክፉ ነው፤ ስሕተቱም ከልብ ድንዳኔ ብቻ ሳይሆን ካለማስተዋል ይመጣል። ቅጠል በላዩ የወደቀውን ብርሃን እምቢ ማለት አይችልም፤ የጠገበ ቅጠልም ለተራበው ወንድሙ ዘንበል ብሎ አያሳልፍም። ሰው ግን ይጾማል። ዐቅሙ እያለው፣ ምግቡም በፊቱ ሳለ፣ እጁን መሰብሰብና በጾም የተረፈውን ለነዳያን መስጠት ከሚታዩት ፍጥረታት ሁሉ ለእርሱ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ሌላ መብራት መሥራትም፣ መብራት የሌለውን ጎረቤቱን ወደ ራሱ መብራት መጥራትም ይችላል። ስለዚህ በሰዎች መካከል ስንት ሰው ይበዛል የሚለው ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት፣ ማን ያልጾመ አለ የሚለው ጥያቄ ሊመለስ ይገባዋል፤ ይህም ሳይመለስ ወንድሙን ትርፍ ነህ የሚል ሰው፣ ከሰውነት ክብር ወርዶ ራሱን ከቅጠል ጋር ቆጥሯል። የመደርደሪያው ሒሳብ በመደርደሪያው ላይ ይቅር።

በመደርደሪያው ላይ ግን ጾሙ በጠባቂው ላይ ይወድቃል። ችግኙ ስለማይጾም፣ ዘሪው ዘሩን ከእጁ ሲበትን ጣቶቹን ቀድሞ ይሰብስብ፤ በከረጢቱ ውስጥ የቀረው ዘር ምንም አልተበደለም፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ እስከ ሌላ ዘመን ይተኛል። ከዚህ ጾም ለማምለጥ የሚሞከረው ሌላው መንገድ መብራቱን ሌሊቱንም ሳያጠፉ ማቆየት ነው፤ ሰዓት ከተጨመረ ብርሃን ይጨመራል፣ ብርሃን ከተጨመረ ቁጥር ይጨመራል ተብሎ ይታሰባል። ሰላጣ ይህን በመጠኑ ይታገሠዋል፤ ቲማቲም ግን ያለ ማቋረጥ በበራ ብርሃን ሥር ቅጠሉ ነጣ ቢጫ እያለ ይታመማል። ጨለማም በፍጥረት ሥርዓት ውስጥ ለዕረፍት የተሰጠ ድርሻ አለውና፣ የሌሊትን ድርሻ ወስዶ ቁጥር ለማብዛት መሞከር ለእኔ ዕረፍት የሌለው አገዛዝ ይመስለኛል። ባለ 100 ዋቱ መብራት በ16 ሰዓት 1.6 ኪሎዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚበላ፣ ይህም ኃይል በአንድ ቦታ ውኃ ተገድቦ፣ ጋዝ ወይም ከሰል ነዶ የሚመጣ መሆኑን ማሰብም ተገቢ ነው።

ስለዚህ አንድ ወገኔ በሚኒያፖሊስ ባለ 100 ዋት መብራቱን ይዞ፣ በአንድ ካሬ ሜትር መደርደሪያ ላይ ስንት ላኑር ብሎ ቢጠይቀኝ፣ አስቀድሜ ለምን ፍጻሜ እንደሚፈልጋቸው እጠይቀዋለሁ፤ ለቡናውና ለወጡ ነው ቢለኝ፣ ብርሃኑ በሚበረታበት በመካከሉ አንድ ጤና አዳምና ሁለት በሶቢላ፣ ብርሃኑ በሚሳሳበት በዳር በዳሩ ስምንት ራስ ሰላጣ እንዲያኖር፣ በየ25 ሳንቲ ሜትሩም ባዶውን ቦታ ሳይፈራ እንዲተወው እነግረዋለሁ። በየሳምንቱ የሰላጣዎቹን ዕቃዎች በዳሩ ላይ ቦታ ቢያለዋውጣቸው የመብራቱ አድልዎ በመካከላቸው ይስተካከላል። ቲማቲም ከወደደ ሰላጣውን ይተው፣ መብራቱንም ዝቅ አድርጎ ሁለት የቲማቲም ተክል ብቻ ያሳድግ። የተረፈውን ዘር ደግሞ፣ በዚያው ሕንፃ ላይ ሌላ መብራት ያለው ጎረቤት እንደማይጠፋ አውቃለሁና፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ የዘሩን ስምና የተለቀመበትን ዓመት ጽፎ ይስጠው።